«ማይክሮፎኑ ተቃጥሏል» ቢሏችሁ ገንዘብ እንዳትከፍሉ

አሁንም ንዴቱ አልበረደልኝም። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ከተደረደሩት የኮምፒውተር ጥገና ቤቶች በአንዱ 3,500 ብሬን በጠራራ ፀሐይ ተቀምቻለሁ።

ላፕቶፔ ላይ ያለው በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው፤ የኢንተርኔት ስብሰባ የምገባው ፋየርፎክስ በሚባለው አሳሽ ነው። ሰሞኑን ባልደረቦቼ «የእርስዎ ድምፅ አይሰማም፤ የሚመለስልን የራሳችን ድምፅ ነው» አሉኝ። በዚያው ላፕቶፕ መቅጃ ፕሮግራም ላይ ስናገር ግን ድምፄ ጥርት ብሎ ይቀዳል። ሁለቱንም ለቴክኒሻኑ አስረዳሁት። አልሰማኝም። ስክሪኑን አየት አድርጎ «ጋሼ፣ ሊኑክስ ነው እንዴ የሚጠቀሙት? ይህ እኮ ለእርስዎ አይሆንም» ሲለኝ አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ሳቀ። ቀጥሎ ፍርዱን ሰጠ፦ ማይክሮፎኑ ተቃጥሏል፣ ይቀየራል። የተቃጠለ ማይክሮፎን እንዴት ድምፅ ይቀዳል ብዬ ብጠይቀው «እሱ ሌላ ነው» ብሎኝ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።

ከፈልኩ፤ «ማይክሮፎን መቀየሪያ» የሚል ደረሰኝ ተቀበልኩ። ቤቴ ገብቼ ስብሰባ ስከፍት ያው ነው። መልሼ ወሰድኩለት።

እንግዲህ ደሜን ያፈላው ይህ ነው። «ኔትዎርክ ይሆናል» እያለ ላፕቶፑን ወደ ራሱ አዞረ። እኔ ከባንኮኒው ጎን ስለነበርኩ ሁሉንም አየሁ። የስብሰባውን ገጽ ከፈተ። ከአድራሻው አጠገብ ያለውን የማይክሮፎን ምልክት ተጭኖ የቀደመውን ፈቃድ ሰረዘ፤ ገጹን እንደገና ጫነ። ፋየርፎክስ ፈቃድ ሲጠይቅ የማይክሮፎኖቹን ዝርዝር ከፈተ። ተመርጦ የቆየው «ሞኒተር» የሚለው ነበር። እሱን ትቶ ሌላውን መረጠ፤ የድምፅ መጠን የምታሳየው መስመር ወዲያው መዝለል ጀመረች። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይ፣ «አዩ፣ የገጠምኩልዎት ማይክሮፎን ይሠራል። ለድጋሚ ሥራው 500 ብር» አለኝ።

ያውቅ ነበር! «ሞኒተር» ማይክሮፎን አይደለም፤ ወደ ድምፅ ማጉያው የሚሄደው ድምፅ ግልባጭ ነው። አሳሹ እሱን እንደ ማይክሮፎን ሲወስድ ሰዎች የራሳቸውን ድምፅ መልሰው ይሰማሉ። የኡቡንቱን ድምፅ የሚያስተናግደው ፕሮግራም ድሮ ፐልስ ኦዲዮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው 22.10 እትም ጀምሮ ፓይፕዋየር ተክቶታል፤ ሁለቱም ይህን ግልባጭ እንደ አንድ የድምፅ ግብዓት ያቀርቡታል። መቅጃው ፕሮግራም ትክክለኛውን ማይክሮፎን ቢይዝም አሳሹ የራሱን ምርጫ ሊይዝ ይችላል። በመጀመሪያ የነገርኩት ምልክት ለባለሙያ በቂ ነበር። የተበላሸ ዕቃ አልነበረም።

የተቀየረ ዕቃም የለም። ካሜራዬን በፕላስተር ሸፍኜዋለሁ፤ ፕላስተሩ ከስክሪኑ ጠርዝ ተነስቶ በክዳኑ ጀርባ የዞረ ነው። የእኔ ላፕቶፕ ማይክሮፎን ያለው ከካሜራው ጎን በመሆኑ ጠርዙ ሳይፈታ አይደረስበትም፤ ጠርዙን ለመፍታት ደግሞ ፕላስተሩ መላጥ አለበት። ጫፉ እንኳን አልተነሳም። በጣቴ እያሳየሁት አሮጌውን ማይክሮፎን ስጠኝ አልኩት። «ጥለነዋል ጋሼ፤ ሰው እየጠበቀ ነው፣ ዞር ይበሉልን» አለኝ። ሸምግዬ በልጄ ዕድሜ ባለ ሰው፣ ያውም ገንዘቤን በበላ ሰው፣ እንዲህ እባረራለሁ ብዬ አላሰብኩም። 500 ብሩን አልሰጠሁትም። የ3,500ውን ጉዳይ ግን ደረሰኙን ይዤ ወደ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት እወስደዋለሁ።

እናንተ ድምፃችሁ በስብሰባ ላይ ብቻ ከጠፋ መጀመሪያ በመቅጃ ሞክሩት። ከተቀዳ በአሳሹ ፈቃድ መጠየቂያ ላይ፣ እንዲሁም በስብሰባው ገጽ ቅንብር ውስጥ የትኛው ማይክሮፎን እንደተመረጠ እዩ። ስብሰባው ክፍት ሳለ ፓቩኮንትሮል የሚባለውን ፕሮግራም ብትከፍቱ አሳሹ ድምፅ የሚወስደው ከየት እንደሆነ ያሳያችኋል፤ እዚያው መቀየርም ይቻላል። የግድ ጥገና ቤት ከሄዳችሁ ደግሞ የወጣውን ዕቃ በእጃችሁ ሳትቀበሉ አትክፈሉ።