ሻሸመኔ ላሉት ጋሼ ምስጋና፣ አሮጌ ሃይሉክስ ለጭቃና ለተራራ ማሰራት ለምትፈልጉ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ዛሬ የምጽፈው አንድ ሰው ላመሰግን ነው፣ በዛውም አሮጌ ፒካፕ ይዛችሁ ጭቃና ድንጋይ ላይ የምትውሉ ሰዎች የት ብታሰሩ እንደሚያዋጣችሁ ልጠቁም። ሰውየው ሻሸመኔ ላይ ትንሽ ጋራዥ ያላቸው መካኒክ ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዲለጠፍ አልፈለጉም፣ ኢንቦክስ ለጠየቀኝ ግን እሰጣለሁ፣ ይሄን አስፈቅጃቸዋለሁ።

መኪናዬ ኤልኤን 106 የምትባለዋ ሃይሉክስ ናት፣ ደብል ጋቢና፣ 2.8 ናፍጣ፣ ስሪ ኤል ሞተር፣ ቱርቦ የሌላት። የሚያውቃት ያውቃታል፣ የፊት አክስሏም እንደ ኋላው ድፍን ነው፣ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ምላስ)። ስራዬ ቡናና ማር ስለሆነ ከሮቤ ጎባ፣ ከጎባ የባሌ ተራሮችን ሳነቴ አምባ አቋርጬ ሪራ፣ ከዛ ሐረና ጫካ ውስጥ ገብቼ እስከ ዶሎ መና ነው የምመላለሰው። ሳነቴ ላይ ከ4000 ሜትር በላይ ነው የምንነዳው፣ እዛው ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ ራሱ 4377 ሜትር ነው፣ እዛ ብርድና ጉም፣ ቁልቁል ወርደህ ጫካው ስትገባ ደግሞ ዝናብና ጭቃ። ዋናው መንገድ ምንም አይልም፣ ፈተናው ከዋናው ወጥተህ ማር ቆራጮቹና ቡና ለቃሚዎቹ ጋ ለመድረስ የምትገባበት ነው፣ እዛ መንገድ አይባልም፣ ዛፍ መሃል ነው የምትሄደው።

እና ጋሼ ጋ ስሄድ ያሰብኩት እንደ ብዙዎቻችን ትልቅ ጎማ፣ ከፍ ማድረግ፣ ስኖርክል (ሞተሩ አየር ከላይ እንዲስብ ወደ ጣሪያ የሚወጣ ቱቦ)፣ ዊንች (መኪናን ከጭቃ ጎትቶ የሚያወጣ የገመድ መጠቅለያ)፣ ፓውዛ ነበር። ከሳቸው በፊት የጠየቅኩት አንድ ቦታ ፓራፋንጎውን ቆርጠን 33 ኢንች ጎማ እናስገባልሃለን፣ ባሌስትራው ስር ብረት ከተን ከፍ እናደርጋታለን፣ ቶሎ ትወስዳታለህ ብለውኝ ነበር። ጋሼ ወሬ አያበዙም። ቁልፉን ተቀብለው ራሳቸው ትንሽ ነድተዋት መጡ፣ ፊቷን በክሪክ አስነሱና ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ነቀነቁት፣ ኳ ኳ ይላል። «ይሄ እንዲህ እያለ እኔ ጎማ አላሳድግልህም ልጄ» አሉኝ።

በነጋታው የፊት እግሩን ሲያወርዱት ቆሜ አየሁ። በዚህ ስሪት የፊት ጎማው የሚታጠፍበት ጋ ድቡልቡል ብረት አለ፣ ውስጡ ወፍራም ግሪስ ሞልቶት ነው መቀመጥ ያለበት፣ የኔ ሲከፈት ግን ግሪስ የሚባል የለም፣ ጥቁር ቀጭን ነገር ነው ዝርግፍ ያለው። ጋሼ በሁለት ጣታቸው ወስደው አሸት አሸት አደረጉና መጀመሪያ ለሚያስተምሯቸው ልጆች ከዛ ለኔ አሳዩን፣ የውስጠኛው ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው ጎማ) አልቆ የዲፈረንሻሉ (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ጥርስ ቤት) ዘይት ወደዚህ እየገባ ግሪሱን አቅጥኖታል፣ ዘይቱ ወዲህ ሲመጣ ዲፈረንሻሉ ደግሞ በዛ በኩል እየጎደለ ነው አሉን። ከላይና ከታች ያሉት ኩሽኔታዎች ዝገት በልቷቸዋል። ከውጭ ብታዩት ይሄ ሁሉ አይታይም፣ ትንሽ ያላበ ነው የሚመስለው። በዚህ ላይ ከባድ ጎማ ቢታሰር ኩሽኔታውን ይጨርሰውና መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ሳነቴ ቁልቁለት ላይ ጭነት ይዛችሁ መሪ ሲንቀጠቀጥባችሁ አስቡት።

ስለዚህ ቀድሞ የተሰራው እግሩ ነው፣ ሲል፣ ኩሽኔታ፣ ቴስቲናዎቹ (የመሪው ዘንጎች መገጣጠሚያ) በሙሉ፣ የትራንስሚሽኑ ክሮቼራ (የዘንጉ መስቀልኛ መገጣጠሚያ)፣ ፍሬን፣ ራዲያተር ማጠብ። ታይሚንግ ቺንጋው (የሞተሩን ቫልቮች ከፒስተኖቹ ጋር እኩል የሚያስኬደው ቀበቶ) ደግሞ መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ቀየሩት፣ በዚህ ሞተር 100,000 ኪሎ ሜትር ላይ መቀየር አለበት፣ ጫካ ውስጥ ከተበጠሰ ሞተሩንም ይዞ ነው የሚሄደው አሉኝ። እቃውን የገዛሁት በሳቸው እጅ ጽሁፍ ዝርዝር አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄጄ ነው፣ ዝርዝሩ ጎን ላይ የትኛው የግድ ኦርጅናል መሆን እንዳለበትና በየትኛው ላይ ገንዘቤን ማባከን እንደሌለብኝ ለይተው ጽፈውልኛል፣ ሲልና ኩሽኔታ ላይ ርካሽ ይዘህ እንዳትመጣብኝ ብለው ከስሩ አስምረውበታል። እኔ በግሌ ለዚህ ዝርዝር ብቻ ብከፍላቸው ደስ ይለኝ ነበር።

33 ጎማውን እምቢ አሉኝ፣ ምክንያቱን ግን ቁጭ አድርገው ነው ያስረዱኝ። ይቺ ሞተር ቱርቦ የላትም፣ 4000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባህር ጠለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው፣ ሞተሩ የሚስበው አየር በዛው ልክ ይቀንሳል፣ ጉልበቷ እዛው ወርዶ ሳለ ጎማ ስታሳድግባት ማርሹን ሁሉ ታከብድባታለህ፣ ዳገት ላይ ፍሪሲዮን እያሸህ ትጨርሳታለህ፣ 33 ካልክ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለውን ጥርስም መቀየር አለብህ አሉኝ። በመጨረሻ የታሰረው 7.50 ባለ 16 ጎማ ነው፣ ረዘም ያለ ግን ጠባብ፣ ያው ላንድ ክሩዘሮቹ የሚያስሩት። ጠባብ ጎማ ጭቃውን ቀዶ ስር ያለውን ጠንካራ መሬት ያገኛል፣ ሌላው ትልቁ ነገር ደግሞ ቢፈነዳብኝ ገጠር ከተማ ላይ ፈልጌ የማገኘው መሆኑ ነው። ነፋሱን ጭቃ ላይ ከ35 ወደ 22 ፒኤስአይ ድረስ ቀንስ፣ ከዛ በታች ግን እንዳትወርድ፣ ካላማዳሪያ ያለው ጎማ ነፋሱ ሲሳሳ ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና ካላማዳሪያውን ከቫልቩ ስር ይቀደዋል አሉኝ። ትንሽ የነፋስ መሙያ ባትሪው ላይ ገጥመውልኛል፣ አስፋልት ከመድረሴ በፊት እሞላዋለሁ።

ከፍታው የተጨመረው 5 ሴንቲ ብቻ ነው፣ የተኛውን ባሌስትራ በአዲስ ቀይረው እንጂ ብረት አስገብተው አይደለም፣ የፊት ባሌስትራ ስር ብረት መክተት ሰው መግደል ነው ብለው ነው የሚያምኑት። አሞርዛተሩም (ንጥ የሚያበርደው) የፍሬን ላስቲኮቹም በዛው ልክ ረዘም ያሉ ሆኑ። ከዚህ ሁሉ እኔን ያስገረመኝ ግን የኋላዋ ትንሽ ቫልቭ ናት። ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘች የፍሬን ቫልቭ አለች፣ ጭነት በዝቶ ካሶኒው ሲወርድ ለኋላ ፍሬን ግፊት የምትጨምር፣ ባዶ ሲሆን የምትቀንስ። መኪናው ከፍ ሲደረግ ለቫልቯ ሁሌም ባዶ መኪና ነው የሚመስላት፣ 8 ኩንታል ቡና ጭነህ እንኳን የኋላ ፍሬኑ ደካማ ይሆናል። ጋሼ የዘንጓን መያዣ በዛው 5 ሴንቲ ልክ አስተካክለው አሰሯት። ይሄን ሳያስተካክሉ ከፍ ያሉ ስንት መኪኖች መንገድ ላይ እንዳሉ ሳስብ እደነግጣለሁ፣ እባካችሁ ከፍ ያስደረጋችሁ ሰዎች ይቺን ነገር አሳዩ።

ስኖርክሉን ገጠሙልኝ፣ ከገጠሙ በኋላ ሞተሩን አስነስተው ከአንዱ ልጅ ጋር ወደ ላይ ወጡና አፉን በወፍራም ጎማ ቁራጭ ግጥም አድርገው ያዙት። ሞተሩ መጥፋት ነበረበት፣ አልጠፋም፣ እየተንገጫገጨ ቀጠለ። አየህ ከሌላ ቦታ አየር እየሳበ ነው፣ አየር የገባበት ውሃም ይገባበታል አሉ። ወረዱና የአየር ፊልትሮው ቤት ክዳን ጋ ያለው ጎማ መድረቁን አገኙ፣ ቀየሩት፣ የላስቲኩን ማሰሪያ አጠበቁት፣ ደግመው ሲይዙት ወዲያው ጠፋ። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ከገባ ናፍጣ ሞተር ውሃውን ማመቅ ስለማይችል ቢየላው (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ነው የሚታጠፈው፣ ያ ማለት ሞተር ማውረድ ነው፣ ስለዚህ ስኖርክል ያሰራችሁ ሁሉ ይሄን ፍተሻ አስደርጉ፣ ምንም ወጪ የለውም። አቧራውም ያው በዛው ቀዳዳ ነው የሚገባው።

ሌላው በጣም ርካሹ ስራ የዲፈረንሻሎቹ መተንፈሻ ነው። ዲፈረንሻል ስትነዳ ይሞቃል፣ በሙቀቱ ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ስትገባ በውስጡ ያለው አየር ይጨማደድና ውሃ በሲሉ በኩል ይስባል፣ ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ይወጣል ከዛ ጥርሱን ይበላዋል። ጋሼ ቀጭን የናፍጣ ላስቲክ ከፊትም ከኋላም ከካምቢዮውም ስበው ሞተር ክፍሉ ውስጥ ከፍ አድርገው አሰሩት፣ አለቀ። ሐረና ውስጥ አንዱን ወንዝ ከነጭነቴ ከተሻገርኩ በኋላ ሻሸመኔ መጥቼ ዘይቱን አስፈትሼ ነበር፣ ጥርት ያለ ነው።

ዊንች አላስገጠምኩም፣ ጋሼ ፊቷን ያከብድብሃል ይቆይ አሉኝ። በሱ ፈንታ ከፊትም ከኋላም ሻንሲው ላይ በጠንካራ ብሎን የታሰረ መጎተቻ አሰሩልኝ፣ ከፋብሪካ ያለችው ቀጭኗ መንጠቆ መኪናው በመርከብ ሲጫን ማሰሪያ ናት፣ በሷ ከጭቃ ስትጎተት ተነቅላ ሰው ትመታለች። ፓውዛውን ሁለት ብቻ፣ በሪሌ። ናፍጣ ከበርሜል ስለምቀዳ ደግሞ ውሃ የሚለይ ተጨማሪ ፊልትሮ አስገብተውልኛል፣ ከስሩ ጠዋት ጠዋት ከፈት አድርጌ አፈሰዋለሁ። ኖዝሎቹን ፖምፓ ቤት አስልከው አሰሩልኝ፣ ሳነቴ ላይ ታወጣው የነበረው ጥቁር ጭስ በጣም ቀንሷል። ቦሎም በሰላም አለፈች።

አሁን መኪናዋ ሌላ ናት። ዝናብ በዘነበበት ማግስት ከሪራ በታች ገብቼ ማር ጭኜ ወጥቻለሁ፣ ፎር ሎው (አራቱም ጎማ በከባዱ ማርሽ) አድርጌ በአንደኛ ማርሽ ነዳጅ ሳልረግጥ ነው ቁልቁለቱን የወረድኩት፣ መሪው በአንድ እጅ ይያዛል። ደግሞ የከፈልኩት መጀመሪያ ለትልቁ ጎማና ለዊንቹ ብቻ ካሰብኩት አይበልጥም።

የሳቸው ጋራዥ ለሁሉም ነገር ይሆናል አልላችሁም። ቀለምና ላሜራ አይሰሩም፣ በኮምፒውተር የሚታዩትን አዳዲሶቹን ሞተሮች ከሩቁ ነው ወደሌላ የሚልኩት፣ ለቸኮለ ሰውም አይሆኑም፣ ወረፋ አለ፣ አንድ መኪና ሳይጨርሱ ሌላ አይከፍቱም። አሮጌ ሃይሉክስና አሮጌ ላንድ ክሩዘር ላይ ግን እኔ ካየኋቸው ሁሉ እሳቸውን የሚስተካከል የለም። የወጣውን እቃ በሙሉ በማዳበሪያ አድርገው ያስረክቧችኋል፣ ሂሳቡ በደብተር ነው፣ የእጅ ዋጋቸውን ቀድመው ይነግሯችኋል። ጋሼ እድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ልጆቹንም በርቱልኝ ብያለሁ፣ አንደኛው ልጅ ስኖርክሉ ላይ የሰራውን አልረሳውም።

ለመሄድ ካሰባችሁ ከክረምቱ በፊት ደውሉና ቀን ያዙ። ከሮቤ ወይ ከጎባ ከሆነ የምትመጡት በዋዜማው ገብታችሁ ሻሸመኔ እደሩ፣ መኪናዋንም ማታውኑ ግቢያቸው አቁሟት፣ ጋሼ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ሲነሳ መስማት ይፈልጋሉ፣ ያንን ሳይሰሙ ስራ አይጀምሩም።