ቤት ለቤት የምትሠራ የውበት ባለሙያ በቱሉ ዲምቱ፦ የአንድ ዓመት ደንበኛ አስተያየት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ጥፍሩን ወይም ቅንድቡን ለማሠራት ወደ ሳሪስ ወይም ወደ ቦሌ መውጣት ግማሽ ቀን የሚበላ ጉዳይ ነው። ታክሲ ተሰልፎ፣ ቃሊቲ ላይ መንገዱ ተጨናንቆ፣ ሳሎን ሲደረስ ደግሞ ወረፋ ተጠብቆ ወደ ቤት የሚገባው ሲመሽ ነው። በዚህ ምክንያት ከአንድ ዓመት ወዲህ እኔና እናቴ የምንገለገለው ዕቃዋን በሻንጣ ይዛ ቤት ለቤት እየዞረች በምትሠራ አንዲት ወጣት ባለሙያ ነው። አዲስ ሰው የምትቀበለው አንዱ ደንበኛዋ ሲያስተዋውቃት ብቻ ስለሆነ ስሟንና ስልኳን እዚህ አላሰፍርም፤ የፈለገ ሰው ሰፈር ውስጥ ጠይቆ ያገኛታል። ይህን የምጽፈው አገልግሎቷን ለመመዘን ነው፤ ሆኖም በ2017 ዓ.ም. ማንም ሳያውቃት ሥራ የጀመረች ልጅ እንዴት ቋሚ ደንበኛ እንዳፈራች ከቅርብ ሆኜ ስላየሁ፣ ያንንም ማንሣቱ ይህን ሥራ ለሚጀምሩ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ የጠራኋት ለራሴ ነበር። ከዚያ ቀደም አንድ ሳሎን ውስጥ በደንብ ባልጸዳ መቁረጫ የአውራ ጣቴ ጥፍር ሥር ቆስሎ ለሁለት ሳምንት ያህል ጫማ ማድረግ ተቸግሬ ስለነበር፣ ሻንጣዋን ስትከፍት ዓይኔን ከመሣሪያዎቿ ላይ አላነሣሁም። መቁረጫዎቹና መቀሶቹ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ለየብቻ ተጠቅልለው ነበር። በየማታው በሳሙናና በብሩሽ አጥባ፣ 70 በመቶ በሆነ አልኮል ውስጥ አቆይታ፣ አድርቃ እንደምትጠቀልላቸውና በማግስቱ በቀጠረቻቸው ሰዎች ቁጥር ልክ ጥቅል ይዛ እንደምትወጣ ነገረችኝ፤ ስለዚህ የአንዱ ቤት መቁረጫ በዚያው ቀን ወደ ሌላው ቤት አይገባም። ሞረዱንና የጥፍር ሥጋ መግፊያውን እንጨት ደግሞ፣ እንደ ብረት ሊጸዱ ስለማይችሉ፣ ስሜን ጽፋ ለእኔው ትታልኝ ሄደች። እጇ ቀላል ነው፤ ሥጋውን ሳትቆርጥ ገፋ አድርጋ ብቻ ስለምትተወው በማግስቱ የሚያቃጥል ነገር የለም። የቀባችልኝ ኩቴክስም ዕቃ እያጠብኩ፣ ሊጥ እያቦካሁ እስከ ዘጠነኛው ቀን ሳይላቀቅ ቆይቷል።

ልቤን የረታችው ግን በሁለተኛው ቀጠሮ ነው። እናቴ የስኳር ሕመም ካገኛት ከ10 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ጎንበስ ብላ ጥፍሯን መቁረጥ ስለተሳናት ለእርሷም እንድትሠራላት ጠየቅኋት። ያን ቀን መብራት አልነበረም። ልጅቷ በርጩማ ስባ እናቴ እግር ሥር ተቀመጠችና ሳፋውን ከመሙላቷ በፊት፣ «እማማ፣ ስኳር አለብዎት እንዴ?» አለቻት። እናቴም «አለብኝ ልጄ፤ እግሬን ግን ምንም አያመኝም» ብላ መለሰች። «እኔንም የሚያሳስበኝ እሱ ነው» አለችና በስልኳ መብራት ጣቶቿን አንድ በአንድ እየለየች አየች። በትንሿ ጣትና በጎረቤቷ መካከል ቆዳው በእርጥበት ነጥቶ ተሰንጥቆ ነበር። እኔም አላየሁትም፣ እናቴም አልተሰማትም። «ዛሬ ውኃ ውስጥም አልነክርልዎትም፣ ብረትም አላስነካም። ነገ ጤና ጣቢያ ያሳዩት፤ ሲድን እኔ ራሴ እመጣለሁ» ብላ ሻንጣዋን ዘጋች፤ የታክሲውን እንኳ አልቀበልም አለች። ስኳር ሲቆይ የእግርን ነርቭ እንደሚጎዳ፣ ሰውየው ቁስሉ ሳይሰማው እንደሚሰፋና ለመዳንም ረጅም ጊዜ እንደሚወስድ በጤና ጣቢያው ያስረዱን በማግስቱ ነው።

ቁስሉ ከዳነ በኋላ ቃሏን ጠብቃ መጣች። ከፔርሙስ የተቀዳውን ሙቅ ውኃ በቀዝቃዛ አለዝባ በክርኗ ለካች፤ የእናቴን እግር ለጥቂት ደቂቃ ብቻ አጠበችና በየጣቶቹ መካከል ሳይቀር በፎጣ አደረቀች፤ ጥፍሯን ጎንና ጎኑን ሳታጎድል ቀጥ አድርጋ ቆረጠች፤ ተረከዟንም በምላጭ አልፋቀችም። እናቴ ይህንኑ በእድር ቀን ለጓደኞቿ አወራች። በወሩ ውስጥ ከእድርተኞቹ አራቱ ደወሉላት፤ ከአራቱ ሁለቱ ምራቶቻቸውን፣ አንዷ ደግሞ በቅርቡ የወለደች ሴት ልጇን ጨመሩ። ሳትሠራ የተመለሰችበት ያ አንድ ቀን ያስገኘላትን ደንበኛ ያህል የትኛውም ማስታወቂያ አላስገኘላትም።

ማስታወቂያውን ሳትሞክር ቀርታ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዋጋዋን በግማሽ ቀንሳ በቴሌግራም እንደለቀቀች፣ የደወሉላት ግን ከገላን እስከ አያት የተበተኑ ሰዎች ስለነበሩ በቀን ከሁለት ቤት በላይ መድረስ እንዳልቻለች፣ ያገኘችውም ለታክሲ እያለቀ፣ በግማሽ ዋጋ የጠሯት ሰዎች በሙሉ ዋጋ ሳይመለሱ እንደቀሩ አጫውታኛለች። ከዚያ በኋላ ክልሏን አጥብባ ቱሉ ዲምቱን፣ ቂሊንጦንና ኮዬ ፈጬን ብቻ ያዘች፤ ለየሰፈሩም ቀን ቆረጠች። ለእኔ እንደ ደንበኛ የዚህ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ማክሰኞ የእኛ ቀን ስለሆነ ከብሎክ ወደ ብሎክ በእግሯ ነው የምትመጣው፤ ከአንድ ቀን በቀር አርፍዳብኝ አታውቅም። አሁን ለእጅና ለእግር አንድ ላይ 600 ብር፣ ለመንገድ 100 ብር ታስከፍላለች፤ ሦስት ሰው አንድ ቤት ከተሰበሰበ የመንገዱን ትተዋለች። ይህ አሠራር ቡና አብረው በሚጠጡ ጎረቤቶች ዘንድ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ደስ ይላል፤ አንዷ ስትሠራ ሁለቱ ቁጭ ብለው እጇን ያያሉ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ራሳቸው ይደውላሉ። ክፍያ በቴሌብርም በጥሬ ገንዘብም ይሆናል።

ሁለተኛው ሀብቷ ደብተሯ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ አላት፤ በገጹ ላይ የብሎክና የቤት ቁጥሩ፣ የተሠራው ሥራ፣ የቀለሙ ዓይነት፣ የሚወሰድ መድኃኒት ካለ፣ የማይስማማ ነገር ካለ፣ የሚቀጥለውም ቀጠሮ ይሰፍራል። የጎረቤቴ ልጅ የላይኛ ከንፈሯን ፀጉር በሰም ልታስነሣ በጠራቻት ጊዜ ባለሙያዋ ገጹን ገልጣ፣ ልጅቷ ሐኪም ለብጉር ያዘዘላትን ቅባት እየተጠቀመች መሆኑን አየችና ሰሙ በቅባቱ የሳሳውን ቆዳ አብሮ ሊያነሣው እንደሚችል አስረድታ በክር ሠራችላት። የፀጉር ቀለም ሲሆንም ከ48 ሰዓት በፊት መጥታ ቆዳው ቀለሙን ይቀበለው እንደሆነ ለማየት ከጆሮ ጀርባ ጠብታ ቀብታ ትሄዳለች። አንዲት ሙሽራ ጥቁር ሂና ካላደረግሽልኝ ብላት፣ እውነተኛ ሂና ወደ ቡናማና ቀይ የሚያደላ እንደሆነ፣ ጥቁር የሚያደርገው የሚጨመርበት የፀጉር ቀለም ኬሚካል ቆዳ አቃጥሎ ጠባሳ ሊተው እንደሚችል ነግራት ሥራውን ትታዋለች። ሙሽራዋ ሌላ ሰው ጠራች፤ ሁለቱ ሚዜዎቿ ግን እስካሁን የእርሷ ደንበኞች ናቸው።

ይህ ሥራ ወቅት አለው። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ሁዳዴ ሲገባ ሠርግ ይቆማል፣ መኳኳሉም ይቀዘቅዛል፤ አዲስ ሠራተኛ ተስፋ የሚቆርጠውም በእነዚያ 55 ቀናት ነው። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን አብረው ስለገጠሙ ዒድ አል ፈጥር መጋቢት 21 ቀን፣ ፋሲካም ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ። እርሷም በሁዳዴ መካከል የዒድ ሂና የሚፈልጉ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንን አስቀድማ እየዞረች ጠይቃ ስለነበር የዒድ ሳምንት ሥራ አልፈታችም። ከእነርሱ ያገኘችው ደንበኛ ከዒድ በኋላም አልተለያትም።

ስለ ጥንቃቄዋም አንድ ነገር ልበል። እንግዳ ሰው ቤት ማስገባት ለእኛ እንደሚያስፈራ ሁሉ፣ ወደማያውቁት ቤት ብቻን መግባትም ለአንዲት ሴት ያስፈራል። ገና ስትገባ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና ያለፈችበትን ወረቀትና መታወቂያዋን ሳትጠየቅ አሳየችን፤ የብሎክና የቤት ቁጥራችንን፣ የምትወጣበትንም ሰዓት እዚያው ቁጭ ብላ ለእህቷ በስልክ ላከች። ተገቢ ነው፤ ቅር የሚለው ሰው ካለ ቅር ይበለው።

ጉድለቶቿን ሳልጠቅስ ብቀር አስተያየቴ ሚዛን አይደፋም። የፋሲካ ዋዜማ ከአቅሟ በላይ ቀጠሮ ይዛ ሁለት ሰዓት አርፍዳብኛለች። ይቅርታ ብትጠይቅም፣ እኔ ዶሮዬን እሳት ላይ ጥጄ፣ እናቴም ለቅዳሴ ልትወጣ ተዘጋጅታ ነበርና አስቆጥቶኛል። የጄል ጥፍር ማድረቂያ መብራቷ ባትሪ ስለሌለው መብራት በሚጠፋበት ቀን ጄል አይታሰብም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ብሎክ ደግሞ ጀሪካን አስቀድሞ መሙላት የደንበኛው ግዴታ ሆኖ ይቀራል። የዋጋ ዝርዝሯን በጽሑፍ አለማዘጋጀቷም አዲስ ደንበኛን ያሳቅቃል፤ ቅንድብ ስንት፣ ሰም ስንት እያሉ መጠየቅ የሚያፍር ሰው ብዙ ነው። ፀጉርን በተመለከተ ከእርሷ ብዙ ባይጠበቅ ይሻላል፤ ሹሩባዋ ቶሎ ይላላል፣ ካስክም አትይዝም። ለፀጉሬ አሁንም ሳሎን እሄዳለሁ።

ለጥፍር፣ ለቅንድብ፣ ለሰምና በተለይ በዕድሜ ለገፉ ሰዎች እግር እንክብካቤ ግን በዚህ አካባቢ ከእርሷ የምመርጠው ሰው የለም። ቅዳሜና እሑድ ሳምንት ቀድሞ ስለሚሞላ፣ በሥራ ቀን ጠዋት ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ መጠየቅ ይሻላል፤ ስትደውሉላት ማን እንደላካችሁ፣ ስኳር ወይም የቆዳ ሕመም ካለባችሁም ያንኑ አስቀድማችሁ ንገሯት።