የአጎቴን ቴይስኮ ያናገረችው ቀይ ጠርሙስ

ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሳወርዳት፣ የተጠቀለለችበት ጨርቅ ውስጥ ሸረሪት ቤቷን ሠርታለች። የአጎቴ ቴይስኮ ኤሌክትሪክ ጊታር ናት። የጃፓን ሥራ፣ በፈረንጆቹ 60ዎቹ የተሠራች፣ ሁለት ፒክአፕ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ማግኔት፣ ያላት። ስዊቾቿ እንደ ግድግዳ ማብሪያ ማጥፊያ ቀጭ ቀጭ የሚሉ ናቸው። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊው የማታ ሥራውን ሲያጠፋባቸው ጋሼ ጠቅልለው ሰቀሏት። ከዚያ ወዲህ ከ40 ዓመት በላይ ማንም አልነካትም።

አምፕሊፋየር ላይ ሰካኋት። ዝም። ስዊቹን ስነካው እንደ ፈንዲሻ ተንጣጣች፣ ከዚያ እንደገና ዝም።

መጀመሪያ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኳት። ልጁ ገልበጥ አድርጎ አያትና «ውስጧ አልቋል፤ ሁሉም ይቀየራል። ፒክአፑንም ዘመናዊ እናስገባላታለን» አለኝ። አሮጌውስ? «እሱን ለእኛ ተወው።» እዚህ ላይ ነቃሁ። እነዚህ ወርቅማ ፊት ያላቸው ፒክአፖች፣ ጎልድ ፎይል የሚባሉት፣ ዛሬ ከጊታሩ ተነቅለው ለብቻቸው ይሸጣሉ። አሜሪካዊው ጊታሪስት ራይ ኩደር ፌንደር ጊታሩ ላይ የገጠመው የቴይስኮ ጎልድ ፎይል ነው። አመስግኜ ጊታሬን ታቅፌ ወጣሁ።

መለዋወጫ ልፈልግ ብል እንኳ ከየት ይመጣል? ቴይስኮን ሌላው የጃፓን የሙዚቃ መሣሪያ ድርጅት ካዋይ በፈረንጆቹ 1967 ከገዛው በኋላ ስሙም እየደበዘዘ ሄዷል። ያለውን ማዳን ነበር ያለኝ አማራጭ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለችው የአክስቴ ልጅ ደወልኩላትና ዲኦክሲት እንድታመጣልኝ ለመንኳት። የኤሌክትሪክ መገናኛዎችን ከዝገት የሚያጸዳ ፈሳሽ ነው። «ስፕሬዩን አላመጣም፣ ተቀጣጣይ ነው፣ ኤርፖርት ላይ ይጥሉብኛል» አለች። ልክ ናት። ይዛልኝ የመጣችው ትንሿን ጠርሙስ ነው። 7 ሚሊ ሊትር አካባቢ ትይዛለች፣ ማቅጠኛ ያልተቀላቀለበት መቶ በመቶ ነው፣ ክዳኗ ላይ እንደ ጥፍር ቀለም ብሩሽ አላት። ፈሳሹም ቀይ ነው። እናቴ የማን ጥፍር ሊቀባ ነው ብላ ስታየኝ ነበር።

ብሩሿ ግን ለዚህ ሥራ አትሆንም። ስዊቹ ውስጥ አትገባም፣ ቮሊዩሙ ውስጥማ ጭራሽ። ከፋርማሲ የኢንሱሊን መርፌ ገዛሁ። ስዊቾቹ የተገጠሙበትን ፕላስቲክ በካቻቢቴ ፈትቼ በእያንዳንዱ ስዊች ቀዳዳ አንዳንድ ጠብታ፣ በእያንዳንዱ ቮሊዩም ጎን ደግሞ ሁለት ጠብታ። አይበዛም፤ ከበዛ ይፈስና አቧራ ይሰበስባል። ከዚያ ዋናው ሥራ ማንቀሳቀስ ነው። ስዊቹን 40 ጊዜ ያህል ወዲህ ወዲያ፣ ቮሊዩሙን ከዳር እስከ ዳር። ለዓመታት ያልተነካ ብረት ላይ የሚሠራው ቆዳ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ፈሳሹ ያንን ቆዳ ያላቅቀዋል፣ ማንቀሳቀሱ ይፍቀዋል። መቀየር የነበረበት ነገር አልነበረም ማለት ነው።

ሰካኋት። የአንገቱ በኩል ፒክአፕ ወዲያው ተናገረ። ወፈር ያለ፣ ትንሽ የታፈነ ድምፅ ነው፤ ትዝታ ለመጫወት እንደሱ ያለ የለም። የኋላው ሁለተኛ ዙር ጠብታ ፈለገ።

ሌላው ጽዳት እጅ እንጂ ገንዘብ አይፈልግም። የአንገቷ እንጨት ላይ የላብና የሲጋራ ጭስ ተጋግሮ ጥቁር ቅርፊት ሠርቷል። አንገቷ ላይ በአግድም ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች፣ ከፍሬቶቹ፣ ጥግ በስቴኪኒ ፈነቀልኩት፣ ቀሪውን በጥርስ ብሩሽና በላይተር ቤንዚን። መስኮት ከፍቼ፣ ከምድጃ ርቄ፣ መጀመሪያ ከፕላስቲኩ ሥር ባለው የማይታይ ቦታ ቀለሟን ፈትሼ። ፍሬቶቹን ያወዛኋቸው አራት ዜሮ በሚባለው በጣም ለስላሳ የብረት ሱፍ ነው። የዕቃ ማጠቢያውን ሽቦ እንዳትሞክሩት፣ ይቧጭራል። ፒክአፖቹን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ፤ ማግኔት ስለሆኑ የብረቱን ብናኝ ይስባሉ። እኔ አንዱን ጥግ ረስቼ ብናኙን በፕላስተር እየለጠፍኩ ሳነሳ አመሸሁ።

የደንሎፕ የሎሚ ዘይትም ነበረኝ። የአንገቷ እንጨት ሮዝውድ ነውና ጠጥቶት ጠቆር አለ፣ አማረበት። ቫርኒሽ ለተቀባ የሜፕል እንጨት ግን አይሆንም፣ ላዩ ላይ ይቀራል። እናቴ «ሎሚ ነው ያልከው?» ብላ ከማጀት እውነተኛ ሎሚ ቆርጣ ይዛ መጣች። ኧረ በማርያም! ሎሚ አሲድ ነው፣ ብረቱን ይበላዋል። ለሻዩ ዋለ።

ለማን ይሆናል? ጊታሩ ዝም ያለበት፣ ወይም ቮሊዩም ሲነካ የሚንኮሻኮሽበት ሰው ጥገና ቤት ከመሄዱ በፊት ይሞክረው። ሽቦው ከተቆረጠ ግን ዲኦክሲት ተአምር አይሠራም፣ መበየድ ነው። ዋጋውን የአክስቴ ልጅ «ተወው» ብላ አልነገረችኝም። በኋላ ኢንተርኔት ላይ ሳየው ለ7 ሚሊ ሊትር ይህን ያህል? አሰኝቶኛል። ደግነቱ አያልቅም፤ ለጊታሯ በሙሉ የወሰድኩት ከጠርሙሱ ሩቡን እንኳ አይሆንም። ብሩሿን ትተው ቀጭን መርፌ ቢያደርጉላት ኖሮ ሙሉ ነጥብ እሰጣት ነበር።

የቀለሟን ጭረት አልነካሁም። ድምፅ የምታወዛውዘው እጀታ፣ ትሬሞሎዋም፣ ስትነካ ቅኝቷን ታስታለች፣ እሱን ገና አልደረስኩበትም።

ውፍረቱ 10 የሚባለውን ክር አስሬ እሁድ ጋሼ ቤት ወሰድኳት። ከሶፋቸው ሳይነሱ ተቀበሉኝና ከመጫወታቸው በፊት ስዊቾቹን አንድ በአንድ ቀጭ ቀጭ አደረጉ። «ይቺ ድሮም አታስተማምንም ነበር» አሉ፣ የኋላዋን ፒክአፕ እየጠቆሙ። ትንሽ ተጫወቱ፣ ጣታቸውን አመማቸው፣ አስቀመጧት። ከዚያ ስለ ጠርሙሷ ጠየቁኝ። ሬዲዮናቸው ድምፅ ሲጨምሩ ይንኮሻኮሻል። ጠርሙሷ እዚያው ቀርታለች፣ መርፌውም።