ደሴ ያለው ኤአርቲ (የኤችአይቪ መድኃኒት) ክፍል፣ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ የምሄድለት

የጤና ጣቢያውን ስም አልጽፍም ምክንያቱም የምወቅሰውም ነገር አለኝ፣ እዛ የሚታከም ሰው ደሞ ሲያነበው ያውቀዋል። እኔ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፣ መድኃኒቱ ሰፈሬ ድረስ እንዳለ አውቃለሁ፣ ግን ከ2001 ጀምሮ ደሴ ነው የምከታተለው። መጀመሪያ የማውቀው ሰው እንዳያየኝ ብዬ ነበር፣ አሁን ግን ለሲስተሮቹ ስል ነው በሚኒባስ ሐረጎን የምወጣው።

ያኔ ስመረመር ሲዲ ፎርሽ (በሽታ የሚከላከለው የደም ሴል ቁጥር ማለት ነው) 412 ነው ገና ነሽ ተባልኩ። የሲስተሮቹ ጥፋት አልነበረም፣ የዛን ጊዜ መመሪያ ነው፣ ካልታመምሽ በስተቀር ከ200 በታች እስክትወርጂ ጠብቂ ነው የሚለው። ጠበቅኩ። 2003 ላይ ቲቢ ይዞኝ 38 ኪሎ ሆኜ ነው መድኃኒት የጀመርኩት። ዛሬ እዛው ክፍል የተገኘበት ሰው ዝግጁ ከሆነ በዛው ቀን ሲጀምር አያለሁና አንዴ ሲስተሯን ለምን እኔ ያን ሁሉ ጠበቅኩ ብዬ ጠየቅኳት። ወረፋ እያለባት ቁጭ ብላ ነገረችኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የወጣ ስታርት የሚባል ጥናት አለ፣ 35 አገር ውስጥ 4,685 ሰው፣ ሁሉም ሲዲ ፎራቸው ከ500 በላይ የሆኑ፣ ግማሹ ወዲያው ጀመረ ግማሹ 350 እስኪደርስ ጠበቀ፣ ወዲያው በጀመሩት ላይ ከባድ ህመምና ሞት 57 በመቶ ቀነሰ። ከዛ በኋላ ነው የዓለም ጤና ድርጅት ሁሉም ይጀምር ያለው። ቀድሞ ታውቆ ቢሆን ብዬ አንጀቴን በላኝ፣ ግን ቢያንስ የነገረኝ ሰው አገኘሁ።

ልጄ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ጤና ሳይንስ ነው የምትማረው፣ ይሄን ስነግራት እማ ከሱ በፊት ስማርት የሚባልም አለ አለችኝ፣ እና ስማርትን ከመሩት አንዷ የሆነችውን የዶክተር ዋፋ ኤል ሳድርን ነገር አወራችኝ። ግብፅ ተወልዳ ካይሮ ሕክምና የተማረች፣ ኒውዮርክ ሀርለም ሆስፒታል ለብዙ ዓመት የተላላፊ በሽታ ክፍሉን የመራች ሴት ናት፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይካፕ የሚባለውን የጤና ተቋም የመሠረተችውም እሷ ናት፣ አይካፕ ደሞ እኛም አገር ኤአርቲ ሲስፋፋ የሰራ ነው። ስማርት ላይ 33 አገር 5,472 ሰው ነበር፣ ሰው ከመድኃኒቱ ትንሽ ይረፍ፣ ጉዳቱም ይቀንስለታል ተብሎ ነው ግማሹን እያስቆሙ እያስጀመሩ የሞከሩት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲወጣ ያቋረጡት ላይ ህመሙና ሞቱ 2.6 እጥፍ ሆኖ ተገኘ፣ ልብና ኩላሊትም ሳይቀር ተጎዳ፣ ጥናቱም ከጊዜው በፊት ቆመ። ይቺ ሴትዮ ዕድሜዋን ሙሉ የሰራችው እኔ ጋ የደረሰው በአንዲት ቃል ነው፣ አታቋርጪ።

እና እኔ አቋርጫለሁ። 2014 ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ እጄ ላይ የነበረው የሁለት ሳምንት ብቻ ነበር፣ ከዛ ሳምንታት ባዶ። ከተማው ሲረጋጋ ስሄድ ጤና ጣቢያው ኮምፒውተር የለው፣ ላብራቶሪው ተዘርፏል፣ ወንበር እንኳን አልቀረም። ሲስተሯ ግን ስልካችን የተጻፈበትን ትልቁን መዝገብ ቤቷ ወስዳ ጤፍ ማስቀመጫ ውስጥ ደብቃው ነበር፣ ጠርዙ ላይ ጤፉ አሁንም አለ በዓይኔ አይቻለሁ። ኔትወርክ እንደመጣ አንድ በአንድ ደወለች፣ እኔን "አብሽሪ የኔ እናት፣ ዛሬውኑ ነይ፣ መድኃኒት ተገኝቷል" ነው ያለችኝ። በኋላ ቫይራል ሎድ (ደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) ስሰራ ቫይረሱ አልታየም፣ አልሃምዱሊላህ። ባለቤቴንም እሷ ናት ይዘሽው ነይ ብላ ያስመረመረችው፣ እሱ ነፃ ነው እስካሁን።

አሁን የስድስት ወር ቀጠሮ ነኝ፣ በዓመት ሁለቴ ብቻ። መድኃኒቱ በቀን አንድ ፍሬ ነው። ብልቃጡ ሚኒባስ ውስጥ እንዳይንኳኳ ክዳኑ ስር ጥጥ ጠቅጥቃ የምትሰጠኝ የፋርማሲዋ ልጅ ናት፣ ሳልነግራት ነው የገባት።

ቅሬታዬ መጠበቂያ ቦታው ነው። አግዳሚው ከካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት ስለሆነ ማን ወደየትኛው በር እንደገባ ግቢው ሁሉ ያያል፣ አንዳንዴ ደሞ ካርድ ክፍል ያለው ልጅ ሙሉ ስም ከነአባት ጮክ ብሎ ይጠራል፣ አንዲት ልጅ ስሟን ስትሰማ ነጠላዋን ተከናንባ ስትወጣ አይቻለሁ፣ ተመለሰች አልተመለሰች አላውቅም። ስንት ሳይንቲስት አታቋርጡ ብሎ ደክሞ ሰው በስም አጠራር መጥፋት የለበትም! ለኃላፊው ሁለቴ ተናግሬያለሁ፣ ቁጥር እንሰጣለን ብለዋል፣ እስካሁን የለም። የቫይራል ሎድ ውጤትም ይቆያል።

ከአምስት አራት እሰጣለሁ፣ ለሲስተሮቹ ብቻ ቢሆን አምስት። መሄድ የምትፈልጉ ሰኞ ገበያ ስለሆነ ሚኒባሱም ግቢውም ይጨናነቃል፣ ረቡዕ ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ ድረሱ፣ ለካርድ ክፍሉ ልጅ ደሞ ስሜን አትጥራ እኔው እመጣለሁ በሉት፣ እኔ እንደዛ ነው የማደርገው፣ እሺ ይላል።