ሮተንቡርግ እና ኖርድሊንገን፦ ሁለት ባለቅጥር ከተሞች

ሁለቱም በጀርመን የባቫሪያ ግዛት የሚገኙና የመካከለኛው ዘመን ቅጥራቸውን ጠብቀው ያቆዩ ትናንሽ ከተሞች ናቸው፤ የቆሙበት መሬት ግን ፈጽሞ አይመሳሰልም። ሮተንቡርግ ከታውበር ወንዝ ሸለቆ በላይ አፋፍ ላይ ስትገኝ፣ ኖርድሊንገን የተቆረቆረችው ከ15 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከሰማይ የወደቀ አለት በቦረቦረው፣ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ክብ ጎድጓዳ ሜዳ ውስጥ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያኗ 90 ሜትር የሚረዝም ማማ የታነጸው ያ ግጭት ካደቀቀውና ካቀለጠው ድንጋይ ሲሆን፣ ግራጫውን ግድግዳ ቀረብ ብሎ ላየው ጥቋቁር የብርጭቆ ፍንጣሪዎች ይታዩበታል። በጎብኚ ዘንድ ይበልጥ ስመ ጥር የሆነችው ሮተንቡርግ ብትሆንም፣ እኔ በዚህ ግድግዳ ምክንያት ኖርድሊንገንን አስቀድማለሁ። ሮተንቡርግ እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 1945 በአየር ድብደባ ከፊሏ ወድሞ እንደገና የተሠራች ናት፤ በቅጥሯ ላይ ለጥገናው ገንዘብ የለገሱ ሰዎች ስም የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ዛሬም ይነበባሉ።