ፖሊሽ ይዤ ጎጃም ገባሁ

ለጥምቀት አገር ቤት ገብቼ ሦስት ሳምንት ቆይቼ ተመለስኩ። ሰው ሁሉ ስለ ሆቴልና ስለ ምግብ ይጽፋል። እኔ የምጽፈው ስለ ቸርኬ፣ ጎማው ስለሚለብሰው ብረት ነው። አሜሪካ፣ ዴንቨር ከባድ መኪና ነው የምነዳው፣ ምን ላድርግ፣ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ጎማ ላይ ነው።

ሌላውን ቶሎ ልጨርሰው። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ሄድኩ፤ ወንበሩ ጠባብ፣ ሹፌሩ ጨዋ። ማርቆስ ያረፍኩበት ፔንሲዮን ንጹሕ ነው፣ ሙቅ ውኃው ግን ሲፈልግ ነው የሚመጣው። ባጃጆቹ ዲያስፖራ መሆኔን ከጫማዬ ስለሚያውቁ ዋጋ የምጠይቀው በወንድሜ አፍ ነበር። ፀጉር ቆራጬ አንደኛ። በቃ።

ታናሽ ወንድሜ አይሱዙ አለው። ከቢቸናና ከደጀን ጤፍ እየጫነ አዲስ አበባ ያራግፋል። ፎቶ ሲልክልኝ መኪናው ታጥቦ አምሮበት ቸርኬው ብቻ አመድ መስሎ አየሁና "ቆይ፣ እኔ መጥቼ መስታወት አደርግልሃለሁ" አልኩት። ጉራዬ ነው። ግን ሥራውን አውቀዋለሁ። እኛ ጋ ክረምት ላይ በረዶ ለማቅለጥ መንገዱ ላይ የሚረጩት ማግኒዥየም ክሎራይድ የሚባል ጨው የአሉሚኒየም ቸርኬን ስለሚያደበዝዘው፣ በረዶው ባለቀ ቁጥር አንድ ቅዳሜ ሙሉ ተንበርክኬ እሱን ሳሽ ነው የምውለው። ቸርኬው ቀዝቅዞ በሳሙና ይታጠባል። ከዚያ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ከውኃ ጋር ይፋቃል፣ ቀጥሎ በ600፣ በ800፣ በ1000፤ የአንዱን ጭረት የሚያጠፋው ቀጣዩ ስለሆነ አንዱን ከዘለልክ ጭረቱ እስከ መጨረሻው ይከተልሃል። ከዚያ ማሽን ላይ የጨርቅ ዲስክ ገጥመህ ሳሙና በሚመስለው ድፍን ፖሊሽ፣ መጀመሪያ በሻካራው በኋላ በለስላሳው ታሻለህ። መጨረሻ ላይ የሚቀረውን ጥቁር ቅባት በፉርኖ ዱቄት ታብሳለህ። አዎ፣ በዱቄት። ቅባቱን ይመጥጣል፣ ጭረት አይተውም።

ይህን ሁሉ ዕቃ ሻንጣ ውስጥ ጠቅጥቄ ደረስኩ። ወንድሜ ፖሊሹን አገላብጦ አየና ምንም ሳይል ከተሰበረ ሬዲዮ ስፒከር የወጣች ማግኔት አምጥቶ ቸርኬው ላይ ለጠፋት። ጥብቅ አለች። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ብረት ነው" አለኝ። ለካ ያየሁት የደበዘዘ አሉሚኒየም ሳይሆን ያረጀ የብር ቀለም፣ ከሥሩም ዝገት ነው። ብረት በፖሊሽ አሉሚኒየም አይሆንም። አሥራ ምናምን ዓመት ከጎማ ጋር ኖሬ ይሄን ከፎቶ አለመለየቴ አሳፍሮኛል፣ እዚህ የጻፍኩት እሱ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ሰብስቦ ስለነገረብኝ ነው።

እሱ ድሮ ጨሞጋ ወንዝ ወርዶ ነበር የሚያጥበው። ከብት የሚጠጣው ውኃ ላይ ግሪስና ናፍጣ አንለቅም ብዬ በገንዘቤ ላቫጆ ወሰድኩት። ስሙን አልጠራም። ልጆቹ ታታሪ ናቸው፣ ካቢናውንና ካሶኒውን ጥርት አድርገው አጠቡ። የቢቸና መረሬ ጭቃ ከሻንሲው ሥር እንደ ሲሚንቶ ደርቆ ነበር፣ እሱንም ሳይሰለቹ በግፊት ውኃ አወረዱት። ቸርኬው ላይ ሲደርሱ ግን አንዱ ልጅ ምንም ያልተጻፈበት ቢጫ ጀሪካን ይዞ መጣ። "አሲድ ነው ጋሼ፣ ዝገት ይበላል።" ጓንት የለ፣ መነጽር የለ፣ እግሩ በነጠላ ጫማ። ዴንቨር ሳለሁ በቸርኬ ማጠቢያ አሲድ እጁ የተቃጠለ ሰው ስላየሁ ልቤ ቆመ። ተው ስለው ሳቀብኝ። ከዚያ ጎማውን የተቃጠለ ዘይት ቀቡት። ያብረቀርቃል፣ እውነት ነው፣ ግን ዘይት ላስቲክን ያበላሻል፣ አቧራም ይሰበስባል።

700 ብር ከፈልኩ። ማታ ቸርኬው እንደ አዲስ ነጭ ነበር። ጠዋት ስንነሳ ብርቱካን! አሲዱ የቀረውን ቀለምና ዝገቱን በልቶ ብረቱን ራቁቱን ስለተወው፣ በደንብ ታጥቦና ደርቆ ወዲያው ስላልተቀባ፣ በአንድ ሌሊት እንደ አዲስ ዛገ። ሄደን ስንነግራቸው "ጤዛ ነው" አሉን። ከአምስት ኮከብ ሁለት፤ ሁለቱም ለካቢናው።

ከዚያ ወንድሜ "ሽማግሌው ጋ እንሂድ" አለ። መናኸሪያው አካባቢ ያሉ ጎሚስታ ናቸው፣ ኮምፕሬሰራቸው ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ይመስላል። ቸርኬውን ለማሳመር እንደመጣን ስነግራቸው ቸርኬውን አላዩም። ጎንበስ ብለው ጎማውን አጥብቀው የሚይዙትን ዳዶዎች በአውራ ጣታቸው እየነኩ ዞሩ። ከአንዱ ዳዶ ሥር ቀጭን የዝገት መስመር ወደ ውጭ ፈስሶ ነበር። "ልጄ፣ ይቺ ላልታለች። መልክ በኋላ ይደርሳል" አሉኝ። ጎማ አስሬ ፈትቼ ስለኖርኩ ምልክቱን አውቀዋለሁ፤ ዳዶ ሲላላ እየተፋተገ ዝገት ያወጣል። ግን እኔ የመጣሁት ፖሊሽ አስቤ ስለነበር ዓይኔ አላረፈበትም።

ስድስቱንም ጎማ አወረዱ። ረዳቱ የግራውን ጎማ ወደ ለመደው አቅጣጫ ሊፈታ ሲታገል "ግራው ወደ ቀኝ ነው የሚፈታ!" ብለው ጮኹበት፤ የድሮ የጃፓን መኪና የግራ ጎማ ዳዶ ጥርሱ ተቃራኒ ነው። ቸርኬውን በሽቦ ብሩሽ ፈትገው፣ በብርጭቆ ወረቀት ጨርሰው፣ በቤንዚን ጠርገው አንቲራስት የሚባለውን የዝገት መከላከያ ቀለም ቀቡት። አንድ ሌሊት አደረ። በማግስቱ ሁለት እጅ ስስ የብር ቀለም። ቦግ ብሎ የሚያብረቀርቅ እንዳይመስላችሁ፣ ጸዳ ያለ ነው። የገረመኝ ግን ዳዶው የሚቀመጥበትንና ቸርኬው መኪናው ላይ ከሚታሰርበት ብረት ጋር የሚገናኝበትን ፊት በቅባት ሸፍነው ቀለም አለማስነካታቸው ነው። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "ቀለም ሲለብስ ያብጣል፣ ዳዶው ሲጫነው ይሟሽሻል፣ ያኔ ዳዶህ ይላላል።" አሜሪካ ይህን በወፍራም መጽሐፍ አስተምረውኛል። የኋላውን ድርብ ጎማ ሲያስሩም መጀመሪያ የውስጠኛውን ዳዶ አጥብቀው ነው የውጭውን ያስከተሉት። "ደጀን ስትደርሱ ቁሙና ደግማችሁ እሰሩ" ብለው ሸኙን። የቀለሙን እኛ ገዛን፣ የእጃቸውን ሲጠይቁኝ አፍሬ ጨመርኩ። አምስት ከአምስት።

ፖሊሹስ? ጎረቤታችን ሲኖ ትራክ ነው የሚነዳው፣ ናፍጣ ታንከሩ አሉሚኒየም ነው። ማግኔቷን ይዤ ሄድኩ፣ አልያዘም፣ ደስ አለኝ። ግማሽ ቀን አሸሁት። እጄ እንደ ከሰል ጠቁሮ የሰፈሩ ልጆች ክብ ሠርተው ታንከሩ ላይ ጥርሳቸውን ያያሉ። መጨረሻ ላይ ለማበሻ አንድ ጣሳ ፉርኖ ዱቄት ከጓዳ ሳወጣ እናቴ ደረሰችብኝ። "አንተ ልጅ! እህል ነው እኮ! በእህል ብረት ይታበሳል? አሜሪካ ያስተማረችህ ይሄን ነው?" ቅባት ይመጥጣል ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ፣ እሷ ግን ዱቄቱን ነጥቃኝ ገብታ አመድ ይዛልኝ ወጣች። "ድስቴን በምን የማጥበው መሰለህ?" ከታንከሩ ሥር ጥግ ላይ ሞከርኩት። ያጸዳል፣ ግን ጭረት ጭረት አድርጎ ያደበዝዛል። ለድስት ይሆናል። በመጨረሻ በአሮጌ ጥጥ ነጠላ አበስኩት፣ ዱቄቱን ያህል ባይሆንም አልከፋም።

ከመመለሴ በፊት ከወንድሜ ጋር ጤፍ ጭነን ወረድን። ማርቆስ እስከ ደጀን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቆመን ዳዶ ስናስር ሁለቱ ሩብ ዙር ያህል ዞሩ። ሽማግሌው አውቀዋል። ከዚያ ዓባይ በረሃ። ወንድሜ በከባድ ማርሽ እያዘገመ ድልድዩ ድረስ ሲወርድ ጎማው ጋ የፍሬን ሸራ ይሸታል። ረዳቱ ድልድዩን ተሻግረን እንደቆምን በባልዲ ውኃ ቀድቶ ቸርኬው አቧራ ለብሷል ብሎ ሊደፋበት ሲል በሩጫ ያዝኩት። የጋለ የፍሬን ታምቡር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ከደፋህ ሊሰነጠቅ ይችላል። "ጋሼ፣ እንዲያምር ብዬ እኮ ነው" አለኝ። አንድ ሰዓት ያህል ጠብቀን፣ ቆሎ በልተን፣ ከቀዘቀዘ በኋላ በጨርቅ አበስነው።

ትናንት ወንድሜ ደወለ። ሽማግሌው "ያ ዲያስፖራ ሲመጣ ፖሊሹን ይተውና ያቺን የምትቆጥር ቁልፍ ያምጣልኝ" ብለዋል፣ ዳዶው ምን ያህል እንደጠበቀ የምትለካውን ቶርክ ሬንች ማለታቸው ነው። የከባድ መኪናዋ ከአንድ ሜትር በላይ ትረዝማለች። ሻንጣዬ ውስጥ በሰያፍ ትገባ እንደሆነ እየለካሁ ነው።