ድርቅ ያለ ፔዳል ወይስ የሚሰምጥ? ፍሬኑ ከደከመ አሮጌ ናፍጣ መኪና የትኛው ይሻላል

ሁለት ያገለገሉ ናፍጣ መኪኖች አይታችሁ መምረጥ አቅቷችኋል እንበል። የሁለቱም ሞተር ደህና ነው፤ የሁለቱም ፍሬን ግን ደክሟል። ሻጮቹ "ሸራ (ተፋግቶ መኪናውን የሚያቆመው የፍሬን ልባስ) ቢቀየር ይስተካከላል" ይሏችኋል። ቶሎ አትመኑ። እግራችሁ ከሻጩ የተሻለ ይነግራችኋል።

የአንደኛው ፔዳል ድንጋይ ነው። ብትረግጡትም አይወርድም፤ መኪናውም ቶሎ አይቆምም። የሌላው ደግሞ ልፍስፍስ ነው፤ ተጭናችሁ ስትቆዩ ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ይሰምጣል።

ከድንጋዩ ልጀምር። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ ቫኪዩም (የመሳብ ኃይል) ይፈጥራል፤ ሰርቮው (የእግራችንን ጉልበት የሚያባዛው የፍሬን ክፍል) በዚያ ቫኪዩም እግራችንን ያግዛል። አሮጌ ናፍጣ ሞተር ግን አየሩን የሚያፍን ስሮትል ስለሌለው በቂ ቫኪዩም አይፈጥርም። ስለዚህ ለብቻው ቫኪዩም ፓምፕ ይገጠምለታል፤ አንዳንዱ መኪና ላይ ዲናሞው ጀርባ፣ ሌላው ላይ ካምሻፍቱ ጫፍ። ፓምፑ ከደከመ፣ ቱቦው ከተሰነጠቀ ወይም ሰርቮው ውስጥ ያለው ስስ ጎማ ከተቀደደ እገዛው ይጠፋል።

ሞተሩን አጥፉና ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ርገጡ። ሲጠነክር እግራችሁን ሳታነሱ ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ እገዛው አለ፤ ያኔ የተቃጠለ ሸራ ወይም የተጣበቀ ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ፈልጉ። ንቅንቅ ካላለ ግን ወፍራሙን ቱቦ ከሰርቮው ንቀሉና ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጡት) እየሠራ ጫፉን በጣታችሁ ድፈኑ። ጣታችሁን አጥብቆ ከሳበ ሰርቮውን ጠርጥሩ። ካልሳበ ጥፋቱ ፓምፑ ወይም ቱቦው ጋ ነው።

ይህን ፍተሻ የምወደው በምክንያት ነው። እኔ ራሴ ሸራ ካስቀየርኩ በኋላም ፔዳሉ ድርቅ እንዳለ ነበር። በመጨረሻ የተገኘው ከዋናው ቱቦ ተገንጥሎ ወደ ቱርቦው የሚሄድ ቀጭን ቱቦ ላይ ነው። ቀጥ ሲል ምንም አይታይም፤ ጎንበስ ሲያደርጉት ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አፏን ትከፍታለች። ቱቦው ውስጥ የሞተር ዘይት ካገኛችሁ ግን ነገሩ ይከብዳል። ፓምፑ ዘይት እያሳለፈ ነው፤ ያ ዘይት የሰርቮውንም ጎማ ይበላዋል።

አሁን ወደሚሰምጠው። መኪናው እንደቆመ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ፔዳሉን ለ30 ሰከንድ ያህል ሳታላሉ ተጫኑ። እየሰመጠ ከሄደና የትም የሚፈስ ዘይት ከሌለ፣ የማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) የውስጥ ጎሚኒ፣ ማለትም ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው ጎማ፣ አልቋል ማለት ነው። የፍሬን ዘይቱ ከቀነሰ የጎማዎቹን የውስጥ ጎንና ታምቡሮቹን (ሸራው ከውስጥ የሚይዛቸውን ክብ ብረቶች) እዩ፤ እርጥበት አይጠፋም። ደጋግማችሁ ስትረግጡት ከፍ የሚል ከሆነ አየር ገብቷል፣ ወይም የኋላው ሸራ ከታምቡሩ በጣም ርቋል።

የዘይቱን ቀለምም እዩ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። የጠቆረ ዘይት ባለቤቱ ለዓመታት እንዳልቀየረው ይጠቁማል።

እኔ ብሆን ድንጋዩን እመርጣለሁ። በሙሉ ጉልበት ከተረገጠ መኪናው ይቆማል፤ ጥፋቱም ብዙውን ጊዜ አንድ ቦታ ነው። የሚሰምጠው ላይ ግን አንዱን ጎሚኒ ስታስቀይሩ ግፊቱ ይመለስና ቀጣዩ ያረጀ ጎሚኒ ማፍሰስ ይጀምራል። ሐሳቤን የምቀይረው የድንጋዩ ፓምፕና ሰርቮ አብረው ከሄዱ ነው፤ ያኔ የሁለቱንም መኪኖች የጥገና ወጪ አስገምታችሁ አወዳድሩ።

የሚሰምጠውን ከገዛችሁ ግን አደራ፣ እስከ ጋራዥ እንኳ እየነዳችሁ አትሂዱ። አስጭናችሁ ውሰዱት።